ለእናቴ ክፍል ስፒከር የመረጡልኝ ሰው

የጋሽ ተካልኝን ማረፍ የሰማሁት ከዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወጥ ቤት ቆሜ ለእናቴ አጥሚት እያማሰልኩ ስልኬ ጮኸ። ‹‹የዕድራችን አባል አቶ ተካልኝ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ነገ ይፈጸማል›› ይላል። ከሥሩ ሰዉ ‹‹ነፍስ ይማር›› እያለ ይጽፋል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት የእናቴን ክፍል በር መዝጋት ነው። መዝጋቱ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። ያነበብኩት በዓይኔ እንጂ ጮክ ብዬ አልነበረም።

ዘመዴ አልነበሩም። የምንኖረው ከኢምፔሪያል ገባ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የእሳቸው በር ከእኛ በር ፊት ለፊት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። በጋ ከክረምት ያንኑ ቡናማ ሹራብ ይለብሳሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቦሌ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የድምፅ ሠራተኛ ነበሩ። የሰውን ሠርግና ምርቃት ሁሉ ከመጋረጃ ኋላ ሆነው ያሳለፉ ናቸው። ከዚያ ሥራ የተረፋቸው አንድ ደህና ጆሮ ነው። ግራው አይሰማም። ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን አዙረው ቀኝ ጆሯቸውን ይሰጡታል፤ ፊታቸው ግን ሌላ ቦታ ያያል። የማያውቃቸው ሰው የናቁት ይመስለዋል። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ደግሞ አንድ ጣታቸውን ከፍ አድርገው ጥቂት ይቆያሉ፤ የተባለው ነገር እስኪደርሳቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

የጽዋ ማኅበራችን ተራ እኔ ጋ የደረሰ ጊዜ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለን፣ መምህር ጋብዘን፣ ስፒከር ተከራይተን ነበር። መምህሩ ገና ማስተማር ሲጀምሩ ጋሽ ተካልኝ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርደው መጡ። ማንንም ሳያናግሩ ወደ መሣሪያው ሄዱና ድምፁን ቀነሱት።

‹‹ጋሼ፣ ምን ማድረግዎ ነው? የእግዚአብሔር ቃል እኮ ነው!›› አልኳቸው።

ጣታቸውን አነሡ። ‹‹ሰማሁት። ጀሞ ያለውም ሰምቶታል።››

‹‹ቢሰማስ ምን አለበት?››

‹‹ጩኸቱን ነዋ የሚሰማው፣ የማርታ እናት። ቃሉ የት አለ? እግዚአብሔር ደንቆሮ አይደለም። ደንቆሮው እኔ ነኝ፤ እኔንም አሞኛል።››

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬ አጭር ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አይቻቸው ስለማላውቅ የማያምኑ ሰው መስለውኝ ነበር።

እናቴን ስትሮክ ሲመታት ወንበር ላይ አድርገው ደረጃውን ካወረዷት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ሰላምታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ረዘመ።

ቀኝ ጎኗና አንደበቷ አልተመለሱም። ሐኪሙ ‹‹ትሰማለች፤ ይገባታልም›› አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ልጄ ማርታ ዩኒቨርሲቲ ሐዋሳ ደርሷት ስለሄደች ክፍሏ ባዶ ነበር። ቤታችን ሁለት መኝታ ክፍል ነው ያለው፤ እናቴን በሁለተኛው፣ በማርታ ክፍል አስተኛኋት።

እናቴ ከላስታ አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ የእሑድ ቅዳሴ አስታጉላ አታውቅም። ዝናብም፣ ጉንፋንም፣ የአባቴ ሞትም አላስቀራትም። አሁን ግን ሊፍት ከሌለው ሦስተኛ ፎቅ በየእሑዱ የሚያወርዳት የለም። በሥራ ቀን የምታግዘኝ ሴት አለች፤ እሑድ የእሷም ዕረፍት ስለሆነ እኔም ጥያት መሄድ አልቻልኩም። እናቴ ሌላውን ሁሉ ተቀብላ ይህን አልተቀበለችም። እሑድ ጠዋት ነጠላዋን በዓይኗ ትፈልጋለች። ሳለብሳት በሩን ታያለች። የሚወስዳት እንደሌለ ስታውቅ ከንፈሯን ትገጥማለች፤ አጥሚቱ ማንኪያው ላይ ይቀራል። እሑድ የጀመረው ሰኞን አልፎ ወደ ማክሰኞ ይሻገር ጀመር። አንገቷ ቀጠነ። በሽታው ያልወሰደብኝን እናቴን እሑድ ሊወስድብኝ እንደሆነ ታየኝ።

ቅዳሴውን ከስልኬ አሰማኋት። የስልክ ድምፅ የትንኝ ድምፅ ነው፤ አልሆነም። ወንድሜ ሰለሞን ነጋዴ ነው፤ እጁም ለመስጠት አያጥርም። ጎማ ያለው፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጭ፣ የአልጋውን ራስጌ የሚያህል ስፒከር በሰው አሸክሞ መጣ።

‹‹እማዬ፣ በይ እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ መጣልሽ!›› አላት።

ሲከፍተው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። የካህኑ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ መሰለ። መብራቱ ግድግዳው ላይ ይሽከረከራል። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰለሞን ‹‹ደስ ብሏት ነው›› አለ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

‹‹ሠርግ አለ እንዴ?›› አሉ ጋሽ ተካልኝ።

‹‹ቅዳሴ ነው፣ ጋሼ።››

‹‹በእውነት?›› ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ውስጥ ሰጡና ቆዩ። ‹‹አንድ ቃል አልለየሁም።››

‹‹እንዴ ጋሼ! ይሄ እኮ አዳራሽ ይሞላል›› አላቸው ሰለሞን።

‹‹ታዲያ አዳራሹ የት አለ?››

ወደ እናቴ ክፍል ሲገቡ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። መጀመሪያ ‹‹እትዬ ብርሃኔ፣ እንዴት ዋሉ?›› ብለው ግራ እጇን ጨበጡ፤ መልስ እንደሰጠቻቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ክፍሉ መሃል ቆመው አንድ ጊዜ አጨበጨቡና አዳመጡ። አልጋው ላይ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

‹‹ለዚህች ክፍል ጉልበት አያስፈልጋትም። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ስፒከሮች አሉ። ጥንዱ ይበቃል፤ ውድም አይደለም።››

‹‹ትንሽ ከሆነ አንዱ አይበቃም?››

ጣታቸውን አነሡ። ‹‹አንዱን ብቻ ካደረግሽ ድምፁ ከሣጥን ይወጣል። ሁለት ሲሆን ሰውየው መሃል ላይ ይቆማል። እትዬ ብርሃኔ መስማት ያለባቸው ሣጥን ሳይሆን ሰው ነው።››

ቅዳሜ አብረን ሃያ ሁለት ሰፈር ወዳለ ሱቅ ሄድን። ሻጩ የሚያብረቀርቁትን ሁሉ ደረደረልን፤ ዘፈንም ከፈተ። ጋሽ ተካልኝ ዘፈኑን አስጠፉት። ‹‹ሶኬቱ ላይ እንዳለ ተወው፤ ምንም አታጫውት›› አሉትና ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

‹‹ጋሼ፣ ሳይጫወት ነው እንዴ የሚመረጠው?›› ሻጩ ወደ ጓደኛው እያየ ሳቀ። ‹‹ዝምታ ከሆነ የፈለጉት ባዶ ካርቶን አለኝ!››

‹‹አምጣው፤ ከዚህኛው ይሻላል። ይሄ ሳይነኩት ያንኮራፋል።››

ሻጩም ጎንበስ ብሎ ሰማ። እውነትም እዝ ይላል። ሌላ አመጣ፤ ጋሽ ተካልኝ ‹‹አሁን ሰው ሲያወራ አሰማኝ›› አሉት። ዘፈን ሁሉንም ስፒከር እንደሚያሳምር፣ የሚጋለጠው ሰው ሲናገርበት እንደሆነ ለእኔ በጎን ይነግሩኛል። ያም አልሆነም፤ የሚናገረው ሰው አፍንጫውን የተያዘ ይመስል ነበር። እኔ ደክሞኝ ‹‹ይሁን ጋሼ፣ ይበቃናል›› ስላቸው ‹‹አንቺ ትችይው ይሆናል። እሳቸው ግን ተነሥተው አያጠፉትም›› አሉኝ። ይህን አልረሳሁም።

ያገኘነው ቦሌ ሚካኤል፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ሰው ዘንድ ነው። ሁለት የእንጨት ሣጥኖች፣ ቁመታቸው ከክንድ የሚያንስ፤ ማጉያቸው ውስጣቸው ስላለ ከስልክ ጋር በገመድ ማገናኘት ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሲበሩ ጸጥ አሉ። ሰው ሲናገርባቸው ሰው ናቸው። ዋጋቸውም ከአቅሜ አላለፈም።

‹‹አንዷ ጥጓ ተላልጧል›› አልኩ።

‹‹እኛስ?›› አሉ ጋሽ ተካልኝ፤ አነሡና በብብታቸው ያዟቸው።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ከቤታቸው ሁለት የእንጨት ዱካ ይዘው መጡ። ድምፁ ከተኛ ሰው ጆሮ ትይዩ መሆን አለበት ብለው ስፒከሮቹን ዱካዎቹ ላይ፣ በምሥራቅ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር፣ ከእመቤታችን ሥዕል ግራና ቀኝ አደረጓቸው። ስልኬን አገናኙ። እኔ አጥሚቱን ላመጣ ወጥ ቤት ገባሁ፤ እሳቸው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ድምፁ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ካህኑ ቤታችን የገቡ መሰለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱ ቃል ተለየ። ከበሩ ሾልኬ ባይ እናቴ ዓይኗን ገልጣ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ታያለች። አመሰገንኩ። ወደ ምድጃው ተመለስኩ።

ከዚያ ዲያቆኑ ‹‹እለ ትነብሩ ተንሥኡ›› አለ። የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ ሲባል አቅመ ደካማም በመቋሚያው ተደግፎ ይነሣል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ተነሥታለች።

የሰማሁት የወደቀ ሰው ድምፅ ነበር። ሮጬ ስገባ እናቴ መሬት ላይ ናት። ጋሽ ተካልኝ ተንበርክከው ራሷን ይዘዋል። ግንባሯ ዱካው ጠርዝ ላይ አርፎ ደም ወርዷል። ‹‹ምነው እማዬ! ምነው!›› እያልኩ ስልኩን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ በግራ እጇ ቀሚሴን ያዘች። ሁለት ጣቷ ብቻ ነው የያዘኝ፤ ግን ማስለቀቅ አልቻልኩም። ደግሞ ልትነሣ ትታገላለች።

የገባኝ ያኔ ነው። ‹‹ተነሡ ብሏት ነው›› አልኳቸው። ‹‹ዲያቆኑ።››

ጋሽ ተካልኝ ጣታቸውን አላነሡም። ‹‹እንግዲያስ አታጥፊው። አንቺ በደህናው በኩል ያዣቸው›› አሉና ራሳቸው የማይታዘዘውን ቀኝ ጎኗን ተሸከሙ። አነሣናት። እግሮቿ መሬት ነኩ። ዲያቆኑ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ሲል ፊቷን ወደ ሥዕሉ አቀናች። ደሙ በቅንድቧ ይወርዳል፤ እኔ አለቅሳለሁ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

ቅዳሴው ሲያልቅ ጋሽ ተካልኝን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

‹‹የጣልኳቸው እኔ ነኝ›› አሉ። ‹‹ሰውየው መሃል ላይ እንዲቆም አደረግሁ፤ ቆሞም ተነሡ አላቸው። ነገ ለባለቤቱ እመልስልሻለሁ።››

‹‹ጋሼ፣ አጥሚቱን ጨረሰች።››

ቀኝ ጆሯቸውን ሰጡኝ። ደገምኩላቸው። ጣታቸው ተነሣ፤ ለረጅም ጊዜ እንደተነሣ ቆየ።

‹‹የሚቀጥለው እሑድ ስንት ሰዓት ነው?›› አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ መጡ። ሹራቡን አውልቀው ኮት ይለብሳሉ፤ ጢማቸውን ይላጫሉ። አንድ እሑድ እናቴን እንደደገፉ በጆሮዬ ‹‹ይሄን ያህል እንደሚረዝም ብትነግሪኝ ቁርስ በልቼ አልመጣም ነበር?›› አሉኝ። ‹‹ቅዳሴ ላይ ተበልቶ አይመጣም፣ ጋሼ›› ብዬ ሳቄን በሳል ደበቅሁት። ‹‹እንግዲያስ ሦስታችንም እንወድቃለና›› አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሳይበሉ እንደመጡ ከአፋቸው ሳይሆን ከእጃቸው መንቀጥቀጥ አወቅሁ። ዲያቆኑ የሚያስነሣበትን ቦታ ሁሉ በጆሯቸው ለዩት። አፉን ከመክፈቱ በፊት ከወንበራቸው ተነሥተው አልጋው አጠገብ ይቆማሉ። ‹‹እትዬ ብርሃኔ፣ ደረሰ›› ይሏታል። እናቴም ክንዷን ታነሣላቸዋለች።

እሑድ ከንፈሯን የምትገጥምበት መሆኑ ቀርቶ የምትበላበት ቀን ሆነ። አንገቷ ትንሽ ሞላ። ጸሎቴን እግዚአብሔር በእኚህ ሰው እጅ መለሰልኝ፤ በሌላ መንገድ ልናገረው አልችልም።

አንድ ቀን ለምን ቤተ ክርስቲያን እንደማይሄዱ ጠየቅኋቸው። ቅዳሜ ሌሊቱን ሠርግ ላይ ስለሚያድሩ እሑድን በእንቅልፍ ያሳልፉት እንደነበር ነገሩኝ። ኋላ ጡረታ ሲወጡ፣ ያን ሁሉ ዘመን ቀርተው ምን ብለው እንደሚገቡ ጨነቃቸው።

‹‹ማን ይጠይቅዎታል?›› አልኳቸው።

‹‹ማንም አይጠይቀኝም። እሱ ነው የከበደኝ›› አሉ። ‹‹እዚህ ግን ብቀር ትጠይቁኛላችሁ።››

በመጨረሻዎቹ ወራት ሳል ያዛቸው። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፋ። ደረጃውን ሲወጡ በየፎቁ ይቆማሉ። ‹‹ጋሼ፣ ይቅርብዎት፤ እኔ ሰለሞንን እለምነዋለሁ›› አልኳቸው። ‹‹እኔ የያዝኳቸው መስሎሽ ነው?›› አሉኝ። ‹‹የያዙኝ እሳቸው ናቸው።›› ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አስተውዬ አየሁ። የእናቴ ግራ እጅ በደረቷ በኩል አልፎ ኮታቸውን ጨብጦ ነበር፤ አጥብቆ።

ማክሰኞ የእህታቸው ልጅ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐሙስ ያን መልእክት አነበብኩ።

ዓርብ ቀብር ላይ ካህኑ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ። የእህታቸው ልጅ እኔን አየችኝ፤ እኔ እሷን አየሁ። የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን ያህል እሑድ አብረን ቆመን አንድ ቀን አለመጠየቄ አንገበገበኝ። በተካልኝ ተፈታላቸው። ስማቸው እግዚአብሔርን አይጠፋውም።

ለእናቴ ምን እንደምላት አላወቅሁም። ሰለሞን እሑድ መጥቶ አብሮኝ ሊያነሣት ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ ጠዋት ደውሎ ዕቃ የጫነው መኪና ሞጆ መንገድ ላይ እንደተበላሸበት ነገረኝ።

‹‹ደግሞ እንዳትነግሪያት። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም›› አለኝ።

‹‹ስትጠብቃቸውስ?››

‹‹ዘመድ ጋ ሄዱ በያታ! ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?››

እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔም የአባቴን ወንድም ሞት ለአክስቴ ሳልነግራት ቆይቻለሁ። ስልኩን ዘግቼ ስገባ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በሩን ታያለች። ብዋሻት ዛሬ ትጠብቃለች። በሚቀጥለው እሑድም ትጠብቃለች። ያም በሩን የማየት ነገር፣ ያም ከንፈር መግጠም ተመልሶ ሊመጣ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

‹‹እማዬ፣ ጋሽ ተካልኝ አርፈዋል። ከትናንት ወዲያ ቀበርናቸው።››

አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ከደህናው ዓይኗ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ሥር ገባ። ጠረግሁላት። ወደ ግድግዳው እስክትዞር ጠበቅሁ፤ አልዞረችም።

‹‹ዛሬ ይቅር፣ እማዬ? አልከፍተውም?›› አልኳት።

ግራ እጇን አንሥታ ወደ ስፒከሮቹ ጠቆመች።

ከፈትኩት። ቦታው ሲደርስ ‹‹ደረሰ›› የሚላት ሰው ስላልነበረ እኔ አልኳት። ዲያቆኑ የተቀመጣችሁ ተነሡ አለ። እኔ ሁልጊዜ በደህናው በኩል ስለነበርኩ የቀኝ ጎኗን ክብደት አላውቀውም ነበር። ክንዴን ከብብቷ ሥር አስገብቼ ሳነሣት ያኔ አወቅሁት። በዚያ ሳል፣ በእነዚያ ቀጫጭን እጆች ይህን ሁሉ እንዴት ተሸከሙት?

ከአልጋው ተነሣች፤ አልቆመችም። ጉልበቷ በጉልበቴ ላይ አርፎ፣ ግራ እጇ የአልጋውን ብረት ይዞ መሃል ላይ ቀረን። ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ሲባል ፊቷን አቀናች። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

‹‹ትንሽ ነው የቀረው፣ እማዬ›› አልኳት። ብዙ እንደቀረ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።